መኪናችን ሲንቀጠቀጥ ከኋላ የተቀመጡትን እንስማ

የቤት መኪና ያለው ሰው ስለ ሞተር ዘይት፣ ስለ ፍሬን ሸራና ስለ ባትሪ ጥቂትም ቢሆን ያውቃል። ጎማ ሲያልቅም በዓይን ይታያል። በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፋ ስለምትቀመጠው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ስለማትበልጠው ግራጫ ክብደት ግን የሚያነሳ ሰው ብዙ አልገጠመኝም። ጎሚስታ ቤት ቆመን፣ ልጁ ጎማውን ማሽን ላይ አሽከርክሮ፣ የሆነ ነገር ለጥፎበት ሲመልስልን ሒሳባችንን ከፍለን እንሄዳለን። ምን እንደለጠፈ፣ ለምን እዚያ ቦታ እንደለጠፈ፣ ነገ ይውደቅ አይውደቅ አንጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ጎሚስታ ቤቶች ተቀምጬ ሥራውን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ተመልክቻለሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስ፣ በበዓል ደግሞ እናቴን ይዤ ክፍለ ሀገር የምወጣ አባት ነኝ። ጉዳዩንም የማየው ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ሰዎች እንዳሉት ሹፌር ነው።

30 ግራም እንዴት 5 ኪሎ ይሆናል?

ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ እኩል የሚመዝን ጎማ የለም ማለት ይቻላል። ላስቲኩ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ይወፍራል፤ ቸርኬውም ቫልቮላ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ጎማው ቆሞ ሳለ ይህ ምንም አይደለም። ሲሽከረከር ግን ከበድ ያለው ጎን ወደ ውጭ ይጎትታል። ባላንስ ማድረግ ማለት በከባዱ ጎን ትይዩ ትንሽ ክብደት ጨምሮ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 15 ቁጥር ጎማ ያላት ትንሽ የቤት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማዋ በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ የ30 ግራም መበላለጥ 5 ኪሎ የሚያህል ዕቃ የሚጎትተውን ያህል ይጎትታል። ያውም አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ በሰከንድ 15 ጊዜ። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 50 ላይ ከ1 ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከሜክሲኮ መገናኛ ስንመላለስ ምንም ያልተሰማን መኪና የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ስትወጣ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ንዝረቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሰዓት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ላይ ነው።

ይህ ንዝረት ምቾት ከመንሳት ያለፈ ጣጣ አለው። ጎማው አንዳንድ ቦታ ብቻ ተበልቶ ያለ ዕድሜው ይጥላል፣ ኩሽኔታና የመሪ እጆች ቶሎ ይላላሉ፣ ሹፌሩም ረጅም መንገድ ላይ ይደክማል። የደከመ ሹፌር ከኋላው ሦስት ልጆች ይዞ ሲነዳ ምን ሊከተል እንደሚችል ለወላጅ መንገር አያስፈልግም።

ንዝረቱ የት ተሰማ?

የፊት ጎማ ባላንሱ ሲጎድል መሪው በእጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሹፌሩ ወዲያው ያውቃል። የኋላ ጎማ ሲሆን ግን መሪው ዝም ይላል፤ የሚንቀጠቀጠው ወንበሩና ወለሉ ነው። የሚሰማቸውም ከኋላ የተቀመጡት፣ በአብዛኛው ልጆችና አያቶች ናቸው።

እናቴ ባለፈው ጉዞአችን ሞጆን እንዳለፍን «ወንበሩ ወገቤን ይነዝረኛል» አለች። ከጎኔ የተቀመጠው ወንድሜ «እማዬ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ሳቀ። እናቴ ግን ዕድሜዋን ከመንገዱ ለይታ ታውቃለች። «ቀስ ስትሉ ይተወኛል፤ ስትፈጥኑ ይመጣል። ዕድሜ እንዲህ አይመላለስም» አለችው። ፍጥነቱን ወደ 70 ዝቅ አደረግሁት፤ ተዋት። እንደተመለስን መኪናዋን ወደ አንድ ጎሚስታ ወሰድኩ።

የኋላው ቀኝ ጎማ ሲፈታ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ጥቁር የሙጫ አሻራ ብቻ ነበር። ክብደቱ የለም። ከሁለት ወር በፊት ጎማ የቀየረልኝ ሌላ ቤት የፍሬን ብናኝና ደረቅ ጭቃ ላይ ለጥፎት ኖሮ መንገድ ላይ ወድቋል። አሻራውን በጨርቅ ሲጠርገው የጎሚስታው ልጅ ሳቅ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የተለጠፈው አፈሩ ላይ ነው፤ ቸርኬውን አላገኘውም» አለኝ። ማሽኑ የጠየቀው 35 ግራም ነበር። ከዚያ በኋላ በወጣንበት መንገድ እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት።

ለዚህ ነው ከኋላ ወንበር የሚመጣ ስሞታ ሲሰማ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ የሚጠቅመው፤ «በስንት ፍጥነት ይጀምራል? ቀስ ስንል ይተዋል?» መልሱ «ስንፈጥን ይመጣል፣ ስንቀንስ ይተዋል» ከሆነ ነገሩ ባላንስ ሊሆን ይችላል።

ንዝረት ሁሉ ግን ባላንስ አይደለም። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትጎትት ከሆነ ጉዳዩ አላይመንት ነው ወይም የጎማ ንፋስ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ይታይ። በዝግታም ስትሄድ የምትወዛወዝ ከሆነ ቸርኬው ተጣሞ ወይም ጎማው አብጦ ሊሆን ይችላል። ጎማ ተፈትቶ በተገጠመ ማግሥት ድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ከሁሉ በፊት መኪናዋን ጥግ አስይዘው የጎማውን ቡሎኖች ይፈትሹ። የላላ ቡሎን ለነገ አይባልም።

የሚመታው ወይስ የሚለጠፈው?

የባላንስ ክብደት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥርስ ያለውና በቸርኬው ጠርዝ ላይ በመዶሻ የሚመታው ነው። ተራ የብረት ቸርኬ ላይ በደንብ ይይዛል፣ ዋጋውም አነስ ይላል። በተለምዶ ስፖርት ቸርኬ የምንለው የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ግን ጥርሱ ቀለሙን ይልጣል፤ በተላጠው በኩል እርጥበት ይገባና አሉሚኒየሙን ይበላዋል። አንዳንዱ ስፖርት ቸርኬ ደግሞ ጥርሱን የሚቀበል ጠርዝ ጭራሽ የለውም። ለእነዚህ የሚሆነው ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ከኋላው ማጣበቂያ ያለውና ከውስጥ የሚለጠፈው ነው።

ተለጣፊው የሚመጣው እንደ ቸኮሌት በተከፋፈለ ዘንግ መልክ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 10 ግራም ይመዝናል፤ የተለመደው አንድ ዘንግ በድምሩ 60 ግራም ነው። የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ በአውንስ ይጻፋል፤ ሩብ አውንስ 7 ግራም ያህል ነው። ማሽኑ በግራም እያሳየ በአውንስ የተሠራ ዕቃ የሚለጥፍ ቤት ካጋጠመዎት ስሌቱ እንዳይሳት ይጠይቁ።

ዋናው ምርጫ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ገበያ ላይ እርሳስ፣ ብረትና ዚንክ አለ። እርሳስ ከባድ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ ከ11 ግራም በላይ ይመዝናል። ብረት 8 ግራም አይሞላም፤ ዚንክ ደግሞ 7 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ እኩል የሚመዝን የብረት ቁራጭ ከእርሳሱ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይተልቃል። ይህ ትልቅ ጣጣ ሊመስል ይችላል፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ቸርኬው ውስጥ ፍሬኑን የሚነክሰው ካሊፐር ከቸርኬው ጋር ተቀራርቦ ስለሚቀመጥ ወፍራም ቁራጭ ሊፋቅ ይችላል። ባለሙያው ሰፋና ሳሳ ያለ ቁራጭ ይመርጣል፤ ከገጠመ በኋላም ጎማውን በእጁ አዙሮ መንካት አለመንካቱን ያረጋግጣል።

ለመለየት ማግኔት ይበቃል። የብረቱን ማግኔት ይስበዋል፤ እርሳስንና ዚንክን አይስብም። ማግኔት ያልሳበው ቁራጭ በጥፍር ሲጫሩት ከተጫረ፣ ወረቀት ላይ ሲያሹትም ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ ነው። ዚንክ ጠንካራ ስለሆነ በጥፍር አይጫርም። ከነካኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ አይርሱ።

ብረት ሲመርጡ ቀለም ወይም ሽፋን ያለውን ይምረጡ፤ ያልተሸፈነ ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱም ከማጣበቂያው ሥር ገብቶ ይፈነቅለዋል። ማጣበቂያውንም ይመልከቱ። ዘንጉ ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ መከላከያ ወረቀቱ የተላጠ ወይም አቧራ የጠገበ ከሆነ አይሆንም።

እንዴት ይለጠፋል?

ከሦስቱ ቤቶች አንደኛው ሥራውን በእርጋታ የሚሠራ ነበር። የባለቤቱ ሥርዓት ይኸው፦

1. አሮጌው ክብደት ከነሙጫው ይነሳል። በአሮጌው ላይ አዲስ አይደረብም። መፋቂያው ፕላስቲክ ቢሆን ቸርኬውን አይጭርም።

2. ቸርኬው ከውስጥም ከውጭም ይታጠባል። በክረምት ቸርኬ ውስጥ የሚደርቀው ጭቃ ብቻውን ባላንስ ያጠፋል። ጭቃ እንዳለ የተለካ ጎማ ጭቃው በረገፈ ዕለት ዳግም ይበላለጣል።

3. ጎማው ማሽኑ ላይ በመሐል ቀዳዳው በኩል በትክክል ይታሰራል። ቀዳዳው አካባቢ ዝገት ወይም አሸዋ ካለ ጎማው ዘንበል ብሎ ይታሰርና ማሽኑ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

4. የቸርኬው ስፋት፣ ቁጥርና ርቀት ለማሽኑ ይነገረዋል፤ ክብደቱ የሚለጠፍ መሆኑም እንዲሁ። ማሽኑ ጠርዝ ላይ እንደሚመታ አስቦ ካሰላው፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተለጠፈው ቁራጭ ቦታውን ይስታል።

5. የሚለጠፍበት ቦታ በአልኮል ይጠረግና ይደርቃል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነካ ጨርቅ የቅባት ፊልም ይተዋል፤ ማጣበቂያውም በቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል። ቤንዚን ከእሳት አደጋውም አንጻር አይመከርም።

6. ዘንጉ ወረቀቱ ከመላጡ በፊት የቸርኬውን ክብ ተከትሎ በእጅ ይጎብጣል። ቀጥ እንዳለ ተለጥፎ በኋላ ከጎበጠ ጫፎቹ ቀስ በቀስ ይነሳሉ።

7. ወረቀቱ ይላጣል፣ ማጣበቂያው በጣት አይነካም፣ ቁራጩ ማሽኑ ባሳየው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ከመሐል ወደ ጫፍ በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንዶች ጠበቅ ተደርጎ ይጫናል።

8. ጎማው እንደገና ይሽከረከራል። ማሽኑ በሁለቱም በኩል 0 ማሳየት አለበት። ይህን ዳግም መለኪያ የዘለለ ሥራ አልተጠናቀቀም።

ማሽኑ ሁለት ቁጥር የሚያሳየው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ለውስጠኛው ጎን፣ ሌላው ለውጭው ጎን ነው። የውጭው ከቸርኬው እጆች ጀርባ ተደብቆ ይለጠፋል። «አይታይም፣ አንዱ ይበቃል» ብሎ ሁለቱንም አንድ ቦታ መለጠፍ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች መዝለሉን ቢያስተውም ወደ ግራና ቀኝ መወላገዱን አያስተውም።

ማሽኑ ለአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጎማ 60 እና 70 ግራም ሲጠይቅ ዝም ብሎ መደርደር አይገባም። ባለቤቱ እንዲህ ሲሆን ጎማውን ከቸርኬው አላቆ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ ያስገባዋል፤ የጎማው ከባድ ጎን ከቸርኬው ከባድ ጎን ጋር መደራረቡ ይቀርና የሚፈለገው ክብደት ይቀንሳል። ካልቀነሰ ቸርኬው መጣመሙን ወይም ጎማው መበላሸቱን ይፈትሻል።

ከተለጠፈ በኋላ ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጎሚስታ በቀጥታ ላቫጆ ገብቶ ቸርኬውን በኃይለኛ ውኃ ማስመታት ልፋቱን ማጥፋት ነው። ቡሎኖቹም በኮከብ ቅርጽ እየተዘለሉ መጥበቅ አለባቸው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ ጥብቀታቸው ዳግም ይታይ።

እርሳስና የልጆች እጅ

ወላጆችና አያቶች በተለይ እንዲያነቡት የምፈልገው ክፍል ይህ ነው። የወደቀ የእርሳስ ክብደት መንገድ ዳር ይቀራል፣ በመኪና ጎማ እየተፈጨ ከአቧራው ጋር ይቀላቀላል፣ ወይም አንድ ልጅ አንስቶ ኪሱ ይከተዋል። እርሳስ ለስላሳና ከበድ ያለ ስለሆነ ለልጅ እጅ ደስ ይላል። ትንንሾቹ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን በደም ውስጥ እንደማይታወቅ ይገልጻል። የልጅ ሰውነት ከዋጠው እርሳስ ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ሊወስድ ይችላል፤ ዋነኛው ጉዳትም የሚደርሰው በሚያድግ አንጎል ላይ ነው። የመማር ችሎታን፣ ትኩረትንና ጠባይን ይነካል። የአውሮፓ ኅብረት የእርሳስ የጎማ ክብደትን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው፣ የካሊፎርኒያ ግዛትም በ2010 እ.ኤ.አ. የተከተለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብረትና ዚንክ የተስፋፉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያሳሰበኝ ነገር አለ። ባየሁት አንድ ቤት ከአሥራ ስድስት ዓመት የማይበልጥ የሚመስል ልጅ አሮጌ የእርሳስ ቁራጮችን ሲፍቅ ቆይቶ፣ ምሳ ሲመጣ እጁን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ወደ እንጀራው ቀረበ። ባለቤቱ «ሳሙና!» ብለው ጮኹና አስነሱት። ደግ አደረጉ። እኛ የምንበላው በእጃችን ነው፤ የምንጎራረሰውም በእጃችን ነው። እርሳስ የነካ እጅ ማታ ቤት ገብቶ ሕፃን ያጎርሳል። ጨርቅ አይበቃም፤ ሳሙናና ውኃ ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚሠራ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ፣ የሥራ ልብሱን ከሕፃናት ልብስ ጋር አብራችሁ አትጠቡ።

ጎሚስታ ቤት ልጅ ይዘው ከሄዱም መሬት ላይ የተበተነውን እንዳያነሳ ይከታተሉት። ከመኪናዎ የተነሳውን አሮጌ ቁራጭ «መጫወቻ ይሁነው» ብለው አይውሰዱ፤ ቤቱ በአንድ ቆርቆሮ እንዲያጠራቅመው ይጠይቁ።

መቼ ይደረግ?

አዲስ ጎማ ሲገባ፣ ጎማ ተፈትቶ ሲደፈን፣ የፊቱ ከኋላው ጋር ሲቀያየር፣ ከባድ ጉድጓድ ሲመታ፣ ያም ባይሆን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ባላንስ ማሳየት ጥሩ ልማድ ነው። ክረምት አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለመስቀልና ለገና ጉዞ ከመነሳትዎ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ቢያደርጉት ማጣበቂያውም ጊዜ ያገኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የተሻገሩ ቤተሰቦች ደግሞ ይበልጥ ይስሙ፦ እነዚህ መኪኖች የሞተር ድምፅ ስለሌላቸው ትንሿ ንዝረት ጎልታ ትሰማለች፤ ከባትሪያቸው የተነሳም ከበድ ስለሚሉ ጎማቸው ላይ ጫናው ይበዛል።

ከጎሚስታው ጋር ሲነጋገሩ እንደ መካኒክ መሆን አይጠበቅብዎትም። አራት ነገር በትሕትና መጠየቅ ይበቃል፦ «ወንድሜ፣ የብረቱ አለህ? ቸርኬውን በአልኮል ጠርገኸዋል? ከለጠፍክ በኋላ ዳግም ታዞረዋለህ? ቡሎኑንስ በእጅ መፍቻ ታጠብቀዋለህ?» ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። እንዲያውም እኔ ስጠይቅ አንደኛው ልጅ ወንበር አቅርቦልኝ፣ የማሽኑን ቁጥር እያሳየ ነበር የሠራው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የአንድ ዘንግ ተለጣፊ ክብደት ዋጋ ከአዲስ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ለሚቀጥለው ረጅም መንገድ ስትነሱ መኪናዋ 90 ላይ ስትደርስ ሬዲዮኑን ለአፍታ ዝጉና ከኋላ የተቀመጡትን «እንዴት ነው፣ ይነዝራችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ።